ልጄ ማለት ያልተፈቀደላት መምህርት

ሐሙስ ጠዋት ባግዳጉል ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ሦስት ጊዜ ሰበረችው፤ አምስተኛ ክፍሎችም ሦስት ጊዜ ሳቁባት። ሌላ ቀን ቢሆን ዞር ብላ አንዴ ስትገላምጣቸው ፀጥ ይሉላት ነበር። የዚያን ቀን ግን መዞሩን ፈራችው። ዞር ካለች ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጃርኪን ተቀምጣለች። ጃርኪን ደግሞ እሑድ ትሄዳለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሴትዮዋ እብድ ትመስላችኋለች።

ባግዳጉል ከአት-ባሺ ከፍ ብላ ባለችው መንደራችን የኪርጊዝ ቋንቋ አስተማሪ ናት። ናሪን ከተማ ሁለት ዓመት ተምራ መጣች፤ በሃያ ዓመቷ የኅብረት እርሻውን የጭነት መኪና የሚነዳውን ኦሞርን አገባች፤ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ የአያቶቹ ነው። ይህን ማንም ሕግ ብሎ አልጻፈውም፤ ግን ማንም አይጠይቅም። ከአራስ ቤት በወጣችበት በአርባኛው ቀን አማቷ ኡምሱን መጥታ ሕፃኗን ታቀፈች፣ በቀሚሷ አንገትጌ አስገብታ በታች በኩል አወጣቻት፣ የደረቀ ጡቷንም አጎረሰቻት። «እኔ ወለድኳት» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት። ባግዳጉል ያን ቀን ሻይ ስትቀዳ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ጃርኪን የአያቶቿ ልጅ ሆነች። ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ባግዳጉል ለጡት ሰዓት ብቻ ትጠራለች፤ አጥብታ፣ ቀሚሷን ቆልፋ፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕፃኗ አፍ ስትፈታ ኡምሱንን «እማዬ» አለቻት። የገዛ አባቷን ኦሞርን «ወንድም ጋሼ» አለችው፤ እሱም «እህት ዓለም» ይላታል፣ ሳያፍር! ባግዳጉልን ደግሞ እንደማንኛዋም የወንድም ሚስት «እትዬ» ትላታለች። ኋላ ሁለት ወንዶች ተወለዱ፤ እነዚያ ለባግዳጉል ቀሩላት። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ አሁን ቢቆጨኝ ምን ዋጋ አለው?

አምና በመኸር አዛውንቱ አማቷ ታመሙ። ስማቸውን ምራታቸው አትጠራም፣ እኔም ለእሷ ስል አልጠራውም። ሊሞቱ ሲሉ ኦሞርንና እሷን አስጠርተው ትኩስ ዳቦ አስያዟቸው። «ኡምሱን በሕይወት እስካለች ድረስ ልጅቷ የኡምሱን ናት። ከመካከላችሁ 'ልጄ' ብሎ አፉን የከፈተ ይህ ዳቦ ይቅሰፈው» አሉ። ኦሞር ማለ። ባግዳጉል አንገቷን ነቀነቀች።

የሙት ዓመቱ ድግስ እንዳለቀ ኡምሱን «ይህ ቤት ከበደኝ» አለች። ታላቋ ልጇ ታላስ አገር ነው ያገባችው፤ ተራራው ማዶ፣ በመኪና ሁለት ቀን መንገድ። በረዶ መንገዱን ሳይዘጋው እሷ ዘንድ ልትገባ ወሰነች። ከማን ጋር? ከጃርኪን ጋር እንጂ! ልጇ አይደለችም እንዴ?

በሕይወት ካለች አያት ልጅን መልሶ መጠየቅ በእኛ አገር «ቶሎ ሙቺልኝ» እንደማለት ነው። ማንም ምራት አድርጋው አታውቅም። ልጅቷ ራሷ «እቀራለሁ» ካለች ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ አያትም ትሰማለች። ጃርኪንን ግን ምን ያስቀራታል? ለማን ብላ ትቀራለች? ለወንድሟ ሚስት?

ባግዳጉል ማክሰኞ ዕለት ባሏን መኪናው ሥር ተጋድሞ አገኘችው።

«ዝም ብለህ ልትጭናት ነው?» አለችው።

«ማንን?»

«ማንን ይላል እንዴ! ልጅቷን ነዋ።»

ኦሞር ከሥር ሳይወጣ ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ። «እናቴን ምን ልበላት? ዳቦ ይዘን ምለናል፤ አንቺ ሴት።»

«አንተ ነህ የማልከው። እኔ አንገቴን ነው የነቀነቅኩት።»

«ነቀነቅሻ! ያው ነው።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «መፍቻውን አቀብይኝ» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ግን ከመኪናው ሥር አልወጣም። ወንዶቻችን እንዲህ ናቸው፤ ሆድ ሲብሳቸው ብሎን ያጠብቃሉ።

እንግዲህ ሐሙስ የደረሰው በዚህ ላይ ነው። የዚያ ሳምንት ትምህርት ደግሞ፣ ዕድል ሲጣመም እንዲህ ነው፣ የባለቤትነት መድረሻዎች ነበር። በእኛ ቋንቋ ሁሉም ነገር ቃሉ ጭራ ላይ ነው የሚሰካው። መጀመሪያ የማን እንደሆነ ይሰካል፤ የኔ፣ ያንተ፣ የሱ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እሱ ነው፣ ከእሱ ነው፣ እሱ ጋ ነው የሚለው የሚመጣው። መጽሐፉ ለማሳያ የመረጠው ቃል «ልጅ» ነው። ባግዳጉል አሥራ አንድ ዓመት ስታስተምር ያንን ገጽ በ«ኮፍያ» እየተካች ነው ያለፈችው። ኮፍያዬ፣ ኮፍያህ፣ ኮፍያው። ተቆጣጣሪ መጥቶ አያውቅም፤ ተማሪም ጠይቆ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቹባክ አለ።

ቹባክ የወተት ሰብሳቢው ልጅ ነው፤ አፉ ሥራ ፈቶ አያውቅም። እጁን ሳያወጣ ብድግ አለ።

«መምህርት፣ መጽሐፉ 'ልጅ' ነው የሚለው። እርስዎ ለምንድን ነው ኮፍያ የሚሉት?»

«ኮፍያም ልጅም መድረሻቸው አንድ ነው፤ ቁጭ በል።»

«እናቴ ትስማ! ኮፍያዬን ስጥል ትገርፈኛለች፤ እኔን ግን ብትጥለኝ ደስ ይላታል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ባግዳጉል ፊቷ ጋለ። «እሺ፣ አንተ ጎበዝ፣ ና በ'ልጅ' አንተው ጻፈው» አለችና ጠመኔውን ሰጠችው፤ ፊቷን እንዳያዩባት ወደ መስኮቱ ሄደች። መስኮቱ ሥር ማን እንዳለ የረሳች ይመስል! ጃርኪን ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። ሁለት ጉንጉኗን ኡምሱን ዛሬም አጥብቃ ጎንጉናታለች፤ ከማጅራቷ ላይ አንዲት ዘለላ አምልጣለች። ባግዳጉል እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ልጄ፣ ልጅህ፣ ልጁ!» እያለ ቹባክ ይጮኻል። «ወደ ልጄ፣ ከልጄ፣ ልጄ ጋ!»

«ማንኛው ነው የሚቀድመው?» አለች ባግዳጉል ለልማዷ ያህል።

«የማን እንደሆነ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

«የማን እንደሆነ ካልታወቀ ወደየትም አይኬድም» ልትል ነበር፤ በየዓመቱ የምትለው ነገር ነው። ዘንድሮ ተወችው። የቤት ሥራ ሰጠች፤ የዘመድ መጠሪያ ያለባቸው አምስት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሁሉም መድረሻቸውን የያዙ፣ ለነገ። ደወሉ ሳይደወል ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሷ ደብተሮቹን ይዛ ምድጃው አጠገብ ቀረች። ሠላሳ አንድ ደብተር። የጃርኪንን ከሁሉ በታች አደረገችው። እንዲሁ ነበር ልማዷ፤ የልጅቷን ሥራ በስስት እንዳታይ ትፈራለች። ሌላው ተማሪ ከአምስት አምስት የሚያገኝበትን ለጃርኪን አራት ትሰጣለች። መንደሩ «ለባሏ እህት እንኳ አታዳላም» እያለ ያመሰግናታል። አይ መንደር!

የቹባክን አነበበች። «አያቴ ከፈረሱ ወደቀ። ፈረሱ ከአያቴ ሸሸ። አያቴ ፈረሱን ሰደበው። የአያቴ ስድብ እዚህ አይጻፍም።» ብቻዋን ሳቀች፤ አንድ ስህተት በቀይ አረመች። ሠላሳ ቀሩ። አሥር ቀሩ። ሻይዋ ቀዘቀዘ፣ ወተቱ ላዩ ላይ ረጋ። አንድ ቀረ።

ጃርኪን ጽሕፈቷ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉን የማይቆራርጥ።

«እናቴ ሣጥኗን ቆለፈች። የእናቴን ጉልበት ብርድ ይጎዳዋል። ወንድሜ የመኪናውን ጎማ ቀየረ። የእህቴ ቤት ከወንዙ አጠገብ ነው።»

አምስተኛው፦ «እትዬ ዓይኗን ከልጇ ትደብቃለች።»

ባግዳጉል ቀዩን እስኪሪብቶ እንደያዘች ቀረች። ሁለተኛ አነበበችው። ሦስተኛ አነበበችው፤ ምናልባት ስለ ሌላ ሰው ይሆን? ጃርኪን ስንት እትዬ አላት? አንድ። ከሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ደግሞ ባግዳጉል ዓይኗን ደብቃ አታውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ስታፈጥባቸው ነው የምትውለው። ከልጇ! በእኛ ቋንቋ ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ የሚረሷት አንዲት «ን» አለች፤ በሦስተኛው ሰው መድረሻና በ«ከ» መካከል የምትገባ። ጃርኪን አልረሳቻትም። የሚታረም ነገር አልነበረም።

ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ? ማን ነገራት? ባግዳጉል ተነሥታ በሩን ቆለፈች፤ ማን እንዳይገባ እንደሆነ አታውቀውም። ከዚያ ከሁሉ የባሰው ገባት። ልጅቷ ማወቋ ብቻ አይደለም። «እናቴ እያየችኝ አታየኝም፤ አትፈልገኝም» ብላ ነው እሑድ መኪናው ላይ የምትወጣው። ከሥሩ አንድ ነገር ልትጽፍ እስኪሪብቶውን አስጠጋች። ምን ብላ ትጻፍ? «እወድሻለሁ» ተብሎ በቀይ ይጻፋል? ኡምሱን ደብተሩን ብታይስ? ማንበብ አትችልም፤ ግን ለጎረቤት ታስነብባለች። ያ ዳቦስ? ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ መቅሰፍቱ በነሱ ቢመጣስ? ብርሃኑ እስኪደክም ተቀምጣ፣ መጨረሻ ላይ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ «5» ጻፈች። አምስት! ለመጀመሪያ ጊዜ። ፈርማ ዘጋችው።

ቅዳሜ ደብተር ስትመልስ ጃርኪን የራሷን ገለጠች፣ አየችው፣ ዘጋችው። ፊቷም አብሮ ተዘጋ። ባግዳጉል ምድር ብትውጣት በወደደች። ልጅቷ ጮኻ ተጣራች፤ እሷ ግን ማርክ ሰጠቻት! ራሷን በጥፊ ማለት አማራት።

ሲወጡ መተላለፊያው ላይ ጠራቻት።

«ጃርኪን።»

ልጅቷ ቆመች። «አቤት እትዬ።»

«አምስተኛው ዓረፍተ ነገር...»

«ስህተት አለው?»

«የለውም» አለች ባግዳጉል።

«እንግዲያው ልክ ነዋ» አለች ጃርኪን። «እማዬ ትጠብቀኛለች፤ ዕቃ እያሰርን ነው።» ሮጣ ወጣች። የጫማዋ ኮቴ በእንጨቱ ወለል ላይ እስኪጠፋ ድረስ ባግዳጉል እዚያው ቆመች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ «መምህርት፣ እግርሽን አንሺልኝ» እስክትላት ድረስ።

እሑድ ጠዋት በረዶ ተራራው ወገብ ላይ ወርዶ አደረ። በኡምሱን ግቢ ውስጥ መኪናው ኋላው ተከፍቶ ቆሟል። ጎረቤቱ ለመንገድ የሚሆን ዳቦና አይብ ይዞ መጥቷል። ኡምሱን ሁለት ሻርፕ ደርባ ታዛለች። «ምንጣፎቹን ከሥር! ኧረ ከሥር አልኩ፣ አንተ ኦሞር! ሣጥኔን በጎኑ አታስተኛው፣ አስከሬን አይደለም!» ኦሞር ገመድ ይጎትታል፤ የማንንም ፊት አያይም። ጃርኪን የሻይ ጀበናውን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋለች።

ባግዳጉል በቅቤ የተጠበሰ ቂጣ በከረጢት ይዛ ገባች። እንደ ደንቡ ለአማቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ከረጢቱን አቀበለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ደንቡ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ለስላሳ፣ የታጠፈ፣ ማንንም የማይቆረቁር። አንዱም አልመጣላትም።

«እማማ፣ ልጄን...» አለች።

የኦሞር ገመድ ከእጁ ወደቀ።

«ምን አልሽ?» አለች ኡምሱን።

«ልጄን አልኩ።»

«ዳቦ ይዘሽ የማልሽውን ረስተሽ?»

«አልረሳሁም። ይቅሰፈኝ! እኔን ብቻ ይቅሰፈኝ እንጂ ልጆቼን አይንካ። ግን እኔ የማልፈልጋት መስሏት አትሂድብኝ፣ እማማ። ያንን አልችልም። ዓይኔን የምደብቀው ካየኋት እጄ ስለማያርፍልኝ ነው።»

«አሁን?» ኡምሱን ጮኸች። «ዕቃ ተጭኖ ካለቀ በኋላ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍሽን ማን ሰፋው?»

«እርስዎ!»

ኧረ ጉድ! ከጎረቤቶቹ አንዷ አፏን በሻርፗ ያዘች። በመንደራችን ምራት አማቷን እንዲህ ስትመልስ ያን ቀን ነው የሰማነው። ኡምሱን እጇን አነሣች፤ ልትመታት መስሎን ነበር። እጇን ግን ሣጥኑ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያለ ጩኸቷ ስናያት ትንሽ ሴትዮ ናት።

«እኔስ?» አለች። «እኔ ማን አለኝ? ሽማግሌዬ ሄደ። ይችን ከወሰዳችሁ ታላስ ድረስ ምን ይዤ ልሂድ? ምንጣፍ?»

ባግዳጉል አዘነችላት፤ እውነቴን ነው፣ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ግን አሁን ካላለችው መቼም እንደማትለው ታውቃለች። ወደ ጃርኪን ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት፤ ግንባሯን፣ ከብርድ የተሰነጠቀ ከንፈሯን፣ ያቺን ያመለጠች ዘለላ።

«ቅሪልኝ» አለቻት። «ልጄ ነሽ። ቅሪልኝ።»

ጃርኪን ጀበናውን አጥብቃ እንደያዘች እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ስላልተፈታ አልጠረገችውም። ባግዳጉልን አየች። ሣጥኑ ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት አየች።

«ክኒኖቿን ማን ይሰጣታል?» አለች ጃርኪን።

«እህትሽ አለች እኮ፣ ታላስ...» አለች ባግዳጉል።

«እህቴ የቱ ከምግብ በፊት እንደሆነ አታውቅም። እማዬ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ቢጫውን ከነጩ ጋር ከዋጠችው ትወድቃለች።» ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበች። «ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች? አንቺ ሁለት ልጆች አሉሽ።»

ባግዳጉል «ሦስት» ልትል ፈለገች። አልወጣላትም።

ጃርኪን ጀበናውን መሬት ላይ አኖረች። መጣች፣ ግንባሯን ባግዳጉል ደረት ላይ አስደገፈች፣ ምናልባት አሥር እስክትቆጥሩ ድረስ። ባግዳጉል እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆይታ፣ በመጨረሻ ያመለጠችውን ዘለላ ከጉንጉኑ ሥር ሸጎጠችላት። ከዚያ ልጅቷ ጀበናዋን አንሥታ ጋቢናው ውስጥ ወጣች።

ሣጥኑን ጫኑ። ኡምሱንን ደግፈው አስወጧት። ኦሞር ሞተሩን ሲያስነሣ ሁለት ጊዜ ጠፋበት፤ በሕይወቱ ጠፍቶበት አያውቅም። ማንም ባግዳጉልን ለማጽናናት አልቀረበም፤ ምን ይባላል? እሷም አላለቀሰችም። እጇ አንድ ጊዜ ኪሷ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይወጣል።

መኪናው የግቢውን በር ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። የጋቢናው መስኮት እየተንቋቋ ወረደ፤ የኡምሱን ጭንቅላት በሁለት ሻርፕ ተጠቅልሎ ብቅ አለ። ፊቷ እንደተቆጣ ነው።

«አንቺ!» ብላ ጮኸች። «ምን ትገተሪያለሽ? ልጅሽ የበረዶ ጫማ የላትም! ያምናው ጣቷን እየቆረጣት ነው። ታላስ ደህና ጫማ አይገኝም፤ ከናሪን ግዢና ላኪላት።»

ባግዳጉል ወደ መኪናው ሮጠች። መስኮቱ ሥር ደርሳ ቀና አለች።

«እሺ እማማ። ቁጥሯ... ቁጥሯ ስንት ነው?»

ኡምሱን አየቻት፤ የልጇን እግር ቁጥር የማታውቀውን ሴት። ያ ሁሉ ቁጣ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«ሠላሳ ስድስት ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሠላሳ ሰባት ግዢ። ልጅሽ ገና ታድጋለች።»